ናይትሪክ ኦክሳይድ ምንድን ነው? ሕዋስንስ እንዴት ይገድላል?

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርዱ ወጣቶች መካከል ካላ አዛር ይዟቸው የሚመለሱ አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ለዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። በሽታውን የምታመጣው ሌይሽማንያ የተባለች፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የምትገባ ተውሳክ ናት። ተደብቃ የምትራባውም ሊገድላት በሚገባው ነጭ የደም ሕዋስ፣ በማክሮፋጅ ውስጥ ነው።

የማክሮፋጅ አንዱ ዋና መሣሪያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ይህ አንድ የናይትሮጅንና አንድ የኦክስጅን አቶም የተጣመሩበት ጋዝ ነው። (ለማደንዘዣ ከሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ ይለያል።) ሰውነታችን የሚሠራው አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። በካላ አዛር ሕሙማን ደም ውስጥ ግን አርጂኒንን የሚበላ አርጊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማክሮፋጁ ጥሬ ዕቃ ያጥረዋል ማለት ነው።

ጋዙ በጥቂቱ ሲመነጭ የደም ሥርን ያላላል። በዚህ ግኝት ሳይንቲስቶቹ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመዋል። በገፍ ሲመነጭ ግን ተውሳክንና የራስን ሕዋስ አይለይም።

ብቻውን ያን ያህል ጨካኝ አይደለም። መዘዙ የሚመጣው ሱፐርኦክሳይድ ከተባለ ሌላ ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ነው። ሁለቱም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ስላላቸው በቅጽበት ተጣምረው ፐርኦክሲናይትራይት ይሆናሉ። ለእኔ ዋናው ገዳይ ይሄ ነው። የሕዋሱን ሽፋን ስብ ያበላሻል፣ ፕሮቲኖችን ከሥራ ውጭ ያደርጋል፣ ዲኤንኤን ይበጥሳል።

የዲኤንኤው መበጠስ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ፓርፕ የተባለው ኢንዛይም ለጥገና ይነሳል። ለሥራው የሚጠቀመው ኤንኤዲ የተባለውን ሞለኪውል ነው፤ ሕዋሱ ደግሞ ያለ ኤንኤዲ ኃይል ማምረት አይችልም። ጉዳቱ ከበዛ ጥገናው ራሱ ኤንኤዲውን ያሟጥጠዋል። በዚያ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሕዋሱ ኃይል ማምረቻ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኃይሉ ያለቀበት ሕዋስ አብጦ ይፈነዳል። ጥቂት ኃይል የተረፈው ራሱን በሥርዓት ያፈርሳል፤ አፖፕቶሲስ የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ ጋዙን ማገድ አይሻልም? ተሞክሯል። በከባድ ኢንፌክሽን የደም ግፊታቸው ለወደቀ ሕሙማን፣ ጋዙን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች በሙሉ የሚያግድ መድኃኒት ተሰጠ። ግፊቱ ከፍ አለ፤ የሚሞቱት ግን በዙ፤ ጥናቱም ተቋረጠ። መድኃኒቱ ጎጂውን ከጠቃሚው ሳይለይ ነበር ያገደው።