ትርጉሙን ይዞ የእንግሊዝኛ ቃል መፈለግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትርጉሙ እየታወቀ ቃሉ ሲጠፋ፣ ትርጉሙን ጽፎ ቃሉን ለማግኘት የሚረዳ ተገላቢጦሽ መዝገበ ቃላት አለ። ብዙ ሰው ግን ስለ አሠራሩ የተሳሳተ ግምት ስላለው አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል።

«ኮምፒውተር ያመጣው ነገር ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ፒተር ማርክ ሮጀት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ መድቦ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው።

«የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ብራውን እና ማክኒል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ የብርቅ ቃላትን ትርጉም እያነበቡ ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቃሉን ሲጠይቁ፣ ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ የሚልበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ እንኳ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይገምቱ ነበር። ስለዚህ ትዝ ያለች ፊደል አትናቅም፤ ፊደሏን ከትርጉሙ ጋር አብሮ መጻፍ የሚፈቅዱ የፍለጋ ገጾች አሉ።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያሳስተው «ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ቃሉ ቶሎ ይገኛል» የሚለው እምነት ነው። መዝገበ ቃላት ትርጉም ሲሰጥ አስቀድሞ የነገሩን ዓይነት፣ ማለትም ሰው፣ መሣሪያ፣ ፍርሃት ወይም በሽታ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከሌላው የሚለይበትን የሚያስከትለው። ፈላጊም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ይቀናዋል። «ሊፍት ውስጥ ስገባ ትንፋሼ የሚያጥረኝና ቶሎ መውጣት የሚያሰኘኝ ስሜት» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ስለ ሊፍትና ስለ ትንፋሽ የሚናገሩ ቃላት ሊጎርፉበት ይችላሉ፤ «የተዘጋ ቦታ ፍርሃት» ብሎ ያሳጠረው ግን ክላውስትሮፎቢያን ያገኛል። ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁ አንዳንድ መዛግብተ ቃላት ትርጉማቸውን የሚጽፉት በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሆነ፣ ተራ ቃል መምረጥም ይጠቅማል።

«ከላይ የወጣው ቃል ትክክለኛው ነው» ማለትም አደጋ አለው። ቅደም ተከተሉ የተመሠረተው በቅርበት ግምት ላይ ነው፤ ተቃራኒዎች ደግሞ ብዙ ቃላት ስለሚጋሩ አጎራፎቢያ፣ ማለትም የአደባባይና የተጨናነቀ ስፍራ ፍርሃት፣ ከክላውስትሮፎቢያ ጎን ሊሰለፍ ይችላል። የተገኘውን ቃል ወደ መደበኛው መዝገበ ቃላት ወስዶ ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ማንበብ ግዴታ ነው እላለሁ።

«እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ቃል አለው» የሚለውም አይሠራም። ከነገ ወዲያ ያለውን ቀን የፈለገ ሰው ኦቨርሞሮው የሚል ቃል ሊያገኝ ይችላል፤ ቃሉ ግን ከአገልግሎት ከወጣ ዘመናት አልፈዋል፤ የዛሬ ተናጋሪዎች የሚጠቀሙት «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» የሚል ትርጉም ያለውን ሐረግ ነው።