ስለ ድሮ የጦር ካሚዮኖች በስህተት የሚወራው

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ጋራዥ በር ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው የካሚዮን ወሬ ሳይሰማ አይነሳም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት የወደቀ አውሮፕላን ያነሱና ነዳጅ ያመላለሱ ስለነበሩት መኪኖች የሚወራውን እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«ጉልበታቸውን የዛሬ መኪና አይደርስበትም።»

አሜሪካኖች የወደቀ አውሮፕላን ያነሱበት የነበረው ፌደራል ሲ-2 የሞተሩ ስፋት 14 ሊትር ነበር። ጉልበቱ ግን 180 ፈረስ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ስካሜል ፓዮኒር ደግሞ 102። ሁለቱን ብትደምራቸው አንድ ሲኖትራክ አያክሉም። ሚስጥሩ ማርሹና ገመድ የሚጠቀልለው ዊንች ላይ ነው። ፓዮኒር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቀስ ብሎ ግን ይስባል። ሞተሩ የፊት ጎማውን እንኳ አይነዳውም ነበር። ክረምት ላይ ቡና ጫካ ዳር የተቀረቀረ አይሱዙ ሲወጣ ያየ ሰው ይገባዋል፦ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ በገመድ የሚስበው ነው የሚያወጣው።

«ሁሉም በናፍጣ ነበር የሚሄዱት።»

ሲ-2 ቤንዚን ነው። አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634ኤን ግን ናፍጣ ነው። «ኤን» የምትለዋ ፊደል ራሷ በጣሊያንኛ «ናፍታ» ለማለት ነው፤ የእኛው ናፍጣ።

«የወደቀ አውሮፕላን ታስሮ ይጎተታል።»

እንዲያ ቢደረግ ይሰባበራል። ክንፉ ይፈታል፣ አካሉ ለማንሻ በተሠራለት ቦታ ተይዞ በክሬን ይነሳል፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ረጅም ተሳቢ ላይ ይጫናል።

«ባዶ ቦቴ አያስፈራም።»

ይሄ ሰው ይገድላል። አንድ ቀን በያጁ የቦቴ ክዳን ከፍቶ ሊጀምር ሲል፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት መካኒክ ምንም ሳይናገሩ የብየዳውን ገመድ ከሶኬት ነቀሉት።

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ ነው የተራገፈው!» አለ ረዳቱ።

«እሱን ነው የፈራሁት።»

እሳት የሚይዘው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። የተራገፈ ቦቴ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ታጥቦ ትነቱ መውጣቱ በመሣሪያ ሳይረጋገጥ ብየዳ አይነካውም። ሕጉ ይኸው ነው።

«ከቦቴ ኋላ የሚንጠለጠለው ሰንሰለት ኤሌክትሪኩን መሬት ያስገባዋል።»

ደረቅ አስፋልት ላይ በሰንሰለት መተማመን አይቻልም። ነዳጅ በጎማ ቱቦ ሲፈስ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ብልጭታው ትነቱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ቦቴውና አውሮፕላኑ አስቀድመው በሽቦ ይገናኛሉ፤ ክዳን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያልቅም ክዳኑ ይዘጋና ሽቦው መጨረሻ ላይ ይፈታል።