ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስቀድስ ሰው፦ ቅዳሴ በመሐል አዲስ አበባ አድባራት

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የከተማው እምብርት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታላላቅ አድባራት ተቀራርበው ይገኛሉ። አራት ኪሎ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፣ ፒያሳ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ መስቀል አደባባይ ዳር ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ቅዱስ ዑራኤል አለ። ቅዳሴው በሁሉም አንድ ነው። የሚለያየው የሚጀመርበት ሰዓት፣ የሕዝቡ ብዛትና የሕንፃው አሠራር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቀድስ ሰው ብዙ ዓይነት ነው። በ40 ወይም በ80 ቀኑ ተጠምቆ ካደገ በኋላ ቆሞ ያላስቀደሰ አለ፤ ከውጭ አገር የተመለሰ አለ፤ ለጋብቻ ብሎ ሥርዓቱን ሊያውቅ የመጣ አለ፤ የሌላ እምነት ተከታይ ሆኖ ማየት የፈለገም አለ። ብዙዎቹ የሚፈሩት ግዕዙን ነው። ነገር ግን ዛሬ በአማርኛም ይቀደሳል፤ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፈ ቅዳሴም በየአድባራቱ በር ካሉት የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ይገኛል። እንግዳን የሚያደናግረው ይልቅ ሁለት ነገር ነው፦ የቀኑን ሰዓት ሳያጣሩ መምጣትና የዲያቆኑን ትእዛዝ አለመከተል።

ሰዓት

ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ሰዓታት የሚባለው የሌሊት ጸሎት ይደርሳል፤ በዓል ከሆነ በዜማ የሚቀርበው ምስጋና፣ ማኅሌት፣ አለ። ንጋት ላይ ጸሎተ ኪዳን ይደርሳል፣ ቀጥሎ ቅዳሴ ይገባል። በብዙ አድባራት የእሑድ ቅዳሴ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ተጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው ስብከቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቅዳሴው አጭር ነው ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም፤ ያላየውን ነው ያጠረ የመሰለው።

የጾም ቀን ሌላ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይሻገራል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ተጀምሮ 9 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቅዳሴ ሲያልቅ ጾሙ ስለሚፈታ ጠዋት ቢቀደስ ጾሙ ይሻራል። ቅዳሜና እሑድ ግን በጾምም ወራት ቢሆን ቅዳሴው የጠዋት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ቅዳሴያቸው ወደ ማለዳ ይመለሳል። ረቡዕ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጥቶ ኪዳን ብቻ አድርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ይታያል። ማምሻውን ደውሎ ወይም በአጥሩ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አይቶ ማረጋገጥ ይህን ያስቀራል።

ለመጀመሪያ ቀን ተራ ቅዳሜ ወይም ተራ እሑድ ይመረጣል። በወር በገባ በ3 በዓታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ22 ዑራኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ የየደብሩ ቅጽር ይሞላል። ዓመታዊው ሲሆን፣ ለምሳሌ ሚያዝያ 23 ቀን ፒያሳ ወይም ሐምሌ 7 ቀን አራት ኪሎ፣ ሕዝቡ ከአጥር ውጭ መንገዱን ይይዛል። ያ ቀን ደስ ይላል፤ ዝማሬው፣ ዑደቱ፣ እልልታው ሌላ ቦታ አይገኝም። ቅዳሴን ለመከታተል ግን አይመችም፤ ድምፁ የሚሰማው በድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፣ ሰው መሐል መስገድም አይቻልም።

አለባበስና አገባብ

ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ በቂ ነው። ለጸሎት ሲቆም ነጠላው በደረት ላይ በመስቀል ምልክት ተመሳቅሎ ይጣፋል። ጥለቱን ወደ አንገትና ፊት አዙሮ መልበስ የለቅሶ ነውና ይጠበቅ። ሴቶች ጸጉራቸውን ሸፍነው ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ሱሪ ለብሳ የመጣች ሴት በር ላይ ባሉ ጥበቃዎች ወይም በዕድሜ ጠና ባሉ እናቶች ልትመለስ ትችላለች። ወንዶች ኮፍያ ያወልቃሉ።

አጥሩ በር ላይ ሲደረስ አማትቦ፣ ሰግዶ ደጁን መሳለም የተለመደ ነው። የሕንፃው በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ጫማን ደጃፍ ትቶ መግባት አይመከርም፤ ሕዝቡ ሲወጣ ተመሳሳይ ጥቁር ጫማ መቀያየር አለ፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ልምድ ያላቸው ፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ ጫማቸውንም ይዘው ይገባሉ። በክረምት ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። ሞባይል አጥር ውስጥ ሲገባ ይዘጋ። በቅዳሴ ሰዓት ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም።

የቤተ ክርስቲያን ውስጠኛ ክፍል ሦስት ነው፦ ማኅሌት የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቆራቢዎች የሚቀርቡበት ቅድስት፣ ታቦቱ ያለበትና ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ። በስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ ይህ በዙሪያ ይታያል፤ በረዥሙ ሥላሴ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በተከታታይ ነው። ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ ወንዶች በሰሜን፣ ማለትም በግራ፣ ሴቶች በደቡብ፣ ማለትም በቀኝ ይቆማሉ። በተሳሳተ በር የገባ ሰው ሳይደነግጥ በዝግታ በኋላ በኩል ዞሮ ይሻገር፤ በፊት በኩል ሕዝቡን አቋርጦ መሄድ ግን ነውር ነው። ባልና ሚስት ሆነው የመጡ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሕንፃው ውስጥ የማይገባም ሰው አለ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ በዚያው ሌሊት ሩካቤ የፈጸሙ ባለትዳሮችና ያልተጠመቀ ሰው በቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው ያስቀድሳሉ። ውጭ መቆም እንደ ቅጣት መታየት የለበትም። ብዙ ጊዜ እሑድ ከሕንፃው ውስጥ ካለው ሕዝብ ውጭ ያለው ይበዛል፤ ቅዳሴውም በድምፅ ማጉያ ሙሉውን ይሰማል። ለአዲስ ሰው እንዲያውም ውጭው ይመቻል፦ ከፊት ያሉትን እያየ ይሰግዳል፣ ቢደክመውም ጠጋ የሚልበት ቦታ አያጣም።

ቅዳሴው እንዴት ይሄዳል

ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፦ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። መጀመሪያ ልዑካኑ ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ቤተ ልሔም ሄደው ኅብስቱንና ከዘቢብ የተዘጋጀውን ወይን ያመጣሉ። አንዱ ዲያቆን ቃጭል እያቃጨለ ከፊት ይመራል፣ ኅብስቱ ያለበት መሶበ ወርቅ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ይከተላል፣ በላዩ ጥላ ይዘረጋል። በዚህ ሰዓት ግቢው ድንገት ጸጥ ይላል። የሚሄድ ይቆማል፣ የቆመው ይሰግዳል። ቃጭል የሰማ እንግዳ ቢገባውም ባይገባውም ባለበት ይቁም፤ በሰልፉ ፊት ማለፍ በዚያ ጠዋት ሊፈጸም ከሚችል ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው።

ከዚህ በኋላ መሪው ዲያቆኑ ነው። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል መልሱ «ምስለ መንፈስከ» ነው። እነዚህ ሁለት ምላሾች በቅዳሴው ውስጥ ደጋግመው ስለሚመጡ እነሱን ብቻ አጥንቶ የመጣ ሰው ከሕዝቡ ጋር አብሮ መጸለይ ይችላል። «ስግዱ» ሲባል ይሰገዳል፤ «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲባል ራስ ዝቅ ይደረጋል፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲባል ወደ ምሥራቅ ልብንም ዓይንንም ማቅናት ነው። ትእዛዙ በግዕዝ ቢመጣም ዜማው ይለያል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጆሮ ራሱ ይለየዋል።

ንባቡ አራት ነው። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቁ፣ ማለትም ረዳቱ፣ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን ከግብረ ሐዋርያት፣ በመጨረሻ ሠራዒው፣ ማለትም ዋናው፣ ካህን ከወንጌል ያነባሉ። ከወንጌሉ በፊት ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደውን ሦስት መስመር ምስባክ ያዜማል፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል። ወንጌል ሲነበብ የታመመም ቢሆን የቻለ ሁሉ ይቆማል። በሌላው ሰዓት አረጋዊና ሕመምተኛ ቢቀመጥ የሚቆጣው የለም፤ በሥላሴ ካቴድራል አግዳሚ ወንበሮችም አሉ። ቁርስ ሳይበሉ ሦስት ሰዓት መቆም ያልለመደ ሰው ጉልበቱን ቆልፎ አይቁም፤ ራስ የሚያዞረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ መቆም፣ ካልሆነም ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳ መጠጋት ይሻላል።

ከወንጌሉ በኋላ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይባላል፤ ጥንት በትምህርት ላይ ያሉ ያልተጠመቁ ሰዎች የሚወጡበት ነው። ዛሬ ማንም መታወቂያ አይጠይቅም፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ያልተጠመቀ ሰው ግን ውስጥ ከነበረ በዚህ ጊዜ ወደ ቅጽሩ ይወጣል። ጸሎተ ሃይማኖት ተደርሶ ካህኑ እጁን ይታጠባል፤ ንጹሕ የሆነ እንዲቀርብ፣ ያልሆነ እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። ከዚያ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲባል እያንዳንዱ በግራና በቀኝ ላለው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። አዲስ ሰው አጠገቡ ያለው የማያውቀው ሰው ሲሰግድለት ግር ይለዋል፤ ያንኑ መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም የቅዳሴው ዋና ክፍል፣ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሚሆን በዕለቱ በዓል ይወሰናል። በእመቤታችን በዓላት ቅዳሴ ማርያም ሲመጣ የሕዝቡ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማል፤ ብዙ ምእመን ተሰጥኦውን፣ ማለትም የሕዝቡን ምላሽ፣ በቃሉ ይዞታልና።

ቁርባን

የሚቆርበው ተዘጋጅቶ የመጣ ብቻ ነው፦ ለንስሐ አባቱ የተናዘዘ፣ ቢያንስ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ፣ ከውኃም ጭምር የጾመ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስቀደሰ። እንግዳ ሰልፍ ስላየ ብቻ አይሰለፍ። ዳር ቆሞ አለመቁረብ ምንም አያሳፍርም፤ በአብዛኛው እሑድ ከቆመው ሕዝብ የሚቆርበው ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ ልዑካኑ መጋረጃው ውስጥ ይቀበላሉ። ከዚያ በክርስትና ነጭ ልብሳቸው የታቀፉ ሕፃናት ይቀርባሉ፣ ልቅሷቸውም በዚያ ሰዓት የቤቱ ዋና ድምፅ ይሆናል፤ ትልልቆቹ ይከተላሉ። ካህኑ ሥጋውን ያቀብላል፣ ዲያቆኑ ደሙን ዕርፈ መስቀል በሚባለው ባለ መስቀል ማንኪያ ያጠጣል። የተቀበለው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቅዳሴ ጠበሉ ይሄዳል። ጠበሉን ሳይጠጣ አይናገርም። በዚያ ቀን አይታጠብም፣ ምራቁን አይተፋም፣ አይሰግድም፣ ሩቅ መንገድም አይሄድም። ለዚህ ነው አፉን የሸፈነን ሰው ማናገር የማይገባው።

ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል መውጣት የለም። ሕፃን ቢያስቸግር ወይም ሕመም ቢነሣ ግን ወደ ቅጽሩ ወጣ ብሎ መመለስ ይቻላል።

ከቅዳሴ በኋላ

ስብከት ይቀጥላል፣ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ይህ መቀመጥ የሚቻልበት ነው። ማስታወቂያና የሕንፃ ማሠሪያ ልመና ይከተላል፤ አንዳንድ ቦታ ከስብከቱ ይረዝማል፣ ይህም ቢያጥር መልካም ነበር፤ ለጀማሪ ሰው ቃሉ እንደ ሞቀ ቢወጣ ይሻለዋል። ገንዘብ ግዴታ አይደለም፤ የሚሰጥ በሙዳየ ምጽዋት ይከታል ወይም ጃንጥላ ዘርግተው በሚዞሩት ላይ ያኖራል። ከካህን መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ብሎ ግንባርንና ከንፈርን ማስነካት ነው። ካህኑ የክርስትና ስም ሊጠይቅ ስለሚችል ስሙን የማያውቅ ሰው ከቤተሰቡ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በዚሁ አካባቢ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አገልግሎትም አለ። የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን ሀገረ ስብከት የግዕዙን ሥርዓት ስለሚከተል ከላይ የተባለው አብዛኛው እዚያም ይታወቃል። በወንጌላውያን ዘንድ ግን ሰው ጫማውን አያወልቅም፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መዝሙሩና ስብከቱ በአማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ እጃቸውን እንዲያነሡ ይጠየቃሉ። በኦርቶዶክሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፤ ሰው መጥቶ ሳይታወቅ ለወራት ሊያስቀድስ ይችላል።

ስለዚህ መቀጠል የሚፈልግ ራሱ ይጠይቅ። የተጠመቀ ከሆነ ወደ ደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አባል ይሆናል፣ ንስሐ አባት እንዲመደብለትም ይጠይቃል፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት ካለው ይዞ ይሂድ። ያልተጠመቀ አዋቂ ተምሮ ይጠመቃል። ሁለቱም በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ በሚደረገው የሠርክ ጉባኤ መማር ይችላሉ፤ እዚያ ሰዉ ቁጭ ብሎ ስለሚማር ካህኑን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ከቅዳሴው ቀን ይልቅ ይቀላል።