አስፈሪ ልቦለድና አንባቢዎቹ፦ ጎቲክ ከየት መጣ?

አንባቢን ሆን ብሎ ለማስፈራት፣ ለማስጨነቅና ሰላም ለመንሳት የሚጻፍ ልቦለድ አለ። ግድያ፣ እብደት፣ እስር፣ ከመቃብር የተነሳ ሙት፣ ሃይ ባይ ያጣ ክፉ ሰው ይበዙበታል። ለአዋቂ ሲጻፍ ጭካኔውም ወሲቡም አይሸፋፈንም። የሚያስፈራ ታሪክ የሌለው ሕዝብ የለም። እኛም ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ሲወራ እየሰማን፣ በጨለማ ደጅ መውጣት እየፈራን ነው ያደግነው። ነገሩ የራሱ ደራሲና የራሱ አንባቢ ያለው፣ ታትሞ የሚሸጥ የልቦለድ ዘርፍ ሆኖ የወጣው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ነው። ጎቲክ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪው ሆራስ ዋልፖል ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ዋልፖል ልጅ ሲሆን ራሱም የፓርላማ አባል ነበር። ልቡ ግን ያለው አሮጌ ግንብና አሮጌ ዕቃ ላይ ነው። ለንደን አጠገብ የነበረውን ቤቱን፣ ስትሮቤሪ ሂልን፣ የመካከለኛው ዘመን ግንብ አስመስሎ አሠራው። በ1764 መጨረሻ «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን ልቦለድ አወጣ። ታሪኩ ገና ሲጀምር አንድ ግዙፍ የጦር ቆብ ከላይ ወርዶ ሙሽራውን በሠርጉ ዕለት ይጨፈልቀዋል። ዋልፖል ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ስላላወቀ ስሙን አልጻፈበትም። ከጥንት የጣልያንኛ ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ አስወራ። መጽሐፉ ሲወደድለት በ1765 በወጣው ሁለተኛ እትም «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

መጽሐፍ በዚያ ዘመን ውድ ነበር። አንድ ልቦለድ ሦስትና አራት ቅጽ ሆኖ ስለሚታተም ገዝቶ ማንበብ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሰው ከአከራይ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ያነብ ነበር። ዊልያም ሌን የሚባል ነጋዴ ለንደን ውስጥ በዚህ ሥራ ሀብታም ሆነ። ሚኔርቫ በሚባለው ማተሚያ ቤቱ ጎቲክ እያሳተመ በራሱ ቤተ መጻሕፍት ያከራያል። ከደራሲዎቹም ከአንባቢዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ወቀሳውም የበረታው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ተቺዎች የወጣት ሴቶች አእምሮ ይበላሻል እያሉ ይጮሁ ነበር። ጄን ኦስተን ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ በወጣ ልቦለዷ ውስጥ አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ የሰባት አስፈሪ መጻሕፍትን ስም ትዘረዝርላታለች። ብዙ ሰው እነዚህን ርዕሶች ኦስተን የፈጠረቻቸው ይመስለው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲፈለጉ ግን ሰባቱም ተገኙ። ስድስቱን ያሳተመው ሚኔርቫ ነው።

የዘመኑ የጎቲክ ልቦለድ ንግሥት ደራሲዋ አን ራድክሊፍ ነበረች። «የኡዶልፎ ምሥጢሮች» በ1794 ሲወጣ አሳታሚው 500 ፓውንድ ከፈላት፤ ለልቦለድ ያልተለመደ ገንዘብ ነው። ራድክሊፍ የምታስፈራው በማሳየት ሳይሆን በመደበቅ ነው። ኤሚሊ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በግንቡ ውስጥ አንድ ጥቁር መጋረጃ ገልጣ ታያለች። ያየችው ነገር በቁሟ ይጥላታል። አንባቢው ግን ምን እንዳየች አይነገረውም። መቶዎች ገጾችን ከተጓዘ በኋላ ነው የሰም ምስል መሆኑን የሚረዳው። በራድክሊፍ መጻሕፍት ውስጥ ምትሃት የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ፍቺ ያገኛል።

ማቲው ልዊስ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። «መነኩሴው» የተባለውን ልቦለድ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወይም ገና እንደሞላው ጻፈው። በ1796 ታተመ። አምብሮሲዮ የሚባል፣ ማድሪድ ሁሉ እንደ ቅዱስ የሚያየው ሰባኪ ደረጃ በደረጃ ሲወድቅ ያሳያል። መድፈርም ግድያም አለበት፤ ሁሉም ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ደራሲው የፓርላማ አባል መሆኑ ሲታወቅ ጩኸቱ ባሰ። ገጣሚው ኮለሪጅ በ1797 ባወጣው ሂስ ወላጅ ይህን መጽሐፍ በልጁ እጅ አይቶ ፊቱ ቢገረጣ አይፈረድበትም የሚል ሐሳብ ጻፈ። የደራሲውን ችሎታ ግን አልካደም። ልዊስ በ1798 እትም ላይ ብዙ ቦታ ቆራርጦ አወጣ።

ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 የወጣ አንድ ጽሑፏ ሁለት ዓይነት ፍርሃትን ይለያል። አንደኛው ገና ያልታየ ነገር ሲጠበቅ የሚመጣው ነው፤ ነፍስን ያሰፋል፣ ስሜትን ያነቃል ትላለች። ሁለተኛው ዘግናኙ ነገር ፊት ለፊት ሲመጣ የሚሰማው ነው፤ ይህ ደግሞ ሰውን ያደርቃል። እስከ ዛሬ ስለ አስፈሪ ልቦለድ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ ልዩነት ይነሳሉ። እኔ ግን ሁለተኛውን እንደ ዝቅተኛ አላየውም። የልዊስ ጭካኔ የተከበረ ሰው ሥልጣኑን ተገን አድርጎ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያሳይ ማየቱ ያስፈልጋል። የሚያናድደኝ የተጎጂዋ ስቃይ ለመዝናኛ ብቻ ሲቀርብ ነው።

በ1815 በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ በጋ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የነበሩት ገጣሚዎቹ ባይረንና ፐርሲ ሼሊ፣ ሐኪሙ ፖሊዶሪና በኋላ የሼሊ ሚስት የሆነችው የ18 ዓመቷ ሜሪ ዝናቡ ቤት ሲያውላቸው የመንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። የፖሊዶሪ የቫምፓየር፣ ማለትም የደም መጣጭ ሙት፣ ታሪክ በ1819 ወጣ። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ከዚያ በፊት በ1818 ያለ ስሟ በ500 ቅጂ ታተመ። ሜሪ ከዚያ በጋ በፊት በነበረው ዓመት አራስ ልጇን ቀብራለች። ልቦለዱን ይህን እያሰበ የሚያነብ ሰው፣ ፈጣሪው ጥሎት የሸሸው ፍጡር አንጀቱን ሳይበላው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ዘርፉ ወደ ርካሽ ገበያ ወረደ። በቪክቶሪያ ዘመን በየሳምንቱ በአንድ ሳንቲም የሚሸጡ የወንጀልና የደም ታሪኮች ነበሩ። የብራም ስቶከር የቫምፓየር ልቦለድ «ድራኩላ» በ1897 ሲመጣ አንባቢው ተዘጋጅቶ ነበር።

ሰው ለምን ገንዘብ ከፍሎ ይፈራል? አርስቶትል በእውን ስናየው የሚያስጠላንን ነገር፣ ሬሳም ቢሆን፣ በሥዕል ስናየው ደስ ይለናል ይላል። ፈላስፋው ኤድመንድ በርክ በ1757 አደጋው ራቅ ሲል ፍርሃት ደስታ ይሰጣል አለ። በ2021 የታተመ የኮልተን ስክሪቭነርና የባልደረቦቹ ጥናት አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ያነሰ የሥነ ልቦና ጭንቀት እንደተናገሩ አሳይቷል። ጥናቱ በመጠይቅ የተሠራ ስለሆነ ፊልሙ አዳናቸው ለማለት አይበቃም። ሰው ፍርሃትን ይለማመዳል ለሚለው ሐሳብ ግን ድጋፍ ነው። መለማመጃ የሚሆነው ደግሞ አንባቢው መጽሐፉን በፈለገ ሰዓት መዝጋት ስለሚችል ነው።

በአማርኛ የአዋቂ ጨለማ ልቦለድ ሲነሳ መንፈስና ግንብ ብዙም አይመጡም። የኛ ጨለማ ከኑሮ የተቀዳ ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን የሌሊት ሕይወት፣ የሴተኛ አዳሪዎቹን ኑሮ ያለ ምንም መሸፋፈኛ ይተርካል። በግልጽነቱ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ቆየ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1983 ወጥቶ ወዲያው ታገደ። በቀጣዩ ዓመት ደራሲው የገባበት ጠፋ።

ጎቲክ መሞከር የሚፈልግ አዋቂ ከኤድጋር አለን ፖ አጫጭር ታሪኮች ቢጀምር ይሻላል። ፖ ራሱ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ተነቦ ማለቅ አለበት ብሎ ያምን ነበር። «መነኩሴው»ን ለማንበብ የሚያስብ ሰው የመድፈር ትዕይንት እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት አንባቢ ቢተወው ምንም አያጎድልበትም። «ፍራንከንስታይን»ን የሚገዛ ደግሞ የትኛው እትም እንደሆነ ይመልከት። ሜሪ በ1831 አሻሽላ ስላሳተመችው ሁለቱም ይሸጣሉ። በኋለኛው ውስጥ ዕጣ ፈንታ ብዙ ጥፋት ይሸከማል። በ1818ቱ ግን ፈጣሪው ቪክቶር ፍጡሩን የተወው በራሱ ምርጫ ነው። እኔ የ1818ቱን እመርጣለሁ።