«ቆብ መነኩሴ አያደርግም»፦ ታዲያ ልብሱ ለምን አልቀረም?

በእኛ ቋንቋ አንድ ሰው መነኮሰ ለማለት «ቆብ ጫነ» እንላለን። ምንኩስናውን ትቶ ወደ ዓለም ከተመለሰም «ቆቡን ጣለ» ይባላል። ቆቡና ምንኩስናው እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ። ጣልያኖች ግን ተቃራኒውን የሚመስል ነገር ይላሉ፦ «ላቢቶ ኖን ፋ ኢል ሞናኮ»። ልብስ መነኩሴ አያደርግም ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮችም በራሳቸው ቋንቋ ይሉታል። ምንጩ ላቲን ነው፦ «ኩኩሉስ ኖን ፋቺት ሞናኩም»። ኩኩሉስ ራስ ላይ የሚደፋው የመነኮሳት ቆብ ነው። ስለዚህ አባባሉ ወደ እኛ ሲመጣ «ቆብ መነኩሴ አያደርግም» ይሆናል።

ዛሬ አባባሉ የሚነገረው «ሰውን በልብሱ አትመዝን» ለማለት ነው። ከረባት ያሰረ ሁሉ የታመነ አይደለም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም እንደማለት። ትርጉሙ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ትርጉም ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል። አባባሉን ይዘው «ልብሱ ምንም ካላደረገ የካቶሊክ ቄሶችና ሲስተሮች ለምን ይለብሱታል?» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ያለው እዚያው አባባሉ ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ምንጩ በብዛት የሚነገረው የሞናኮ ታሪክ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1297 ፍራንቸስኮ ግሪማልዲ የሚባል የጄኖቫ ሰው የፍራንቸስካውያንን ቀሚስ ለብሶ የሞናኮን ምሽግ በር አንኳኳ። ጠባቂዎቹ ምስኪን መነኩሴ መስሏቸው ከፈቱለት። ከቀሚሱ ሥር ሰይፍ ነበር። ተከታዮቹም ገቡና ምሽጉን ያዙ። የግሪማልዲ ቤተሰብ ዛሬም ሞናኮን ይገዛል። የአገሪቱን አርማ ብታዩ ጋሻውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት መነኮሳት ናቸው። ሁለቱም ሰይፍ መዘዋል። «ሞናኮ» በጣልያንኛ መነኩሴ ማለት መሆኑ ደግሞ ታሪኩን ይበልጥ አጣፈጠው።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ የአባባሉ ምንጭ ግን ሊሆን አይችልም። ሐሳቡ ከግሪማልዲ በፊት ነበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1234 ባወጡት የሕግ ስብስብ ውስጥ መነኩሴን የሚያደርገው ልብሱ ሳይሆን በሥርዓት የገባው ቃል እንደሆነ ተጽፏል። ግሪማልዲ በሩን ያንኳኳው ከዚያ 63 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሥር የያዘው በሕግ ክርክር ነው። በዚያ ዘመን ሰው ገዳም ይገባል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ሐሳቡን ይለውጣል። ታዲያ ይህ ሰው መነኩሴ ነው ወይስ አይደለም? ሚስት ማግባት ይችላል? ሕጉ የመለሰው «የለበሰውን አትዩ፤ ቃል ገብቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ» በሚል መንፈስ ነው። አባባሉ ልብሱን ለማጣጣል አልመጣም። መሐላውን ከልብሱ በላይ ለማስቀመጥ ነው የመጣው።

ይህ ነገር በዓይን የሚታየው በቅዱስ በነዲክቶስ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሥርዓቱ የተጻፈው ጣልያን ውስጥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ምዕራፍ 58 አዲስ ገቢ እንዴት እንደሚመነኩስ ይናገራል። ሰውየው ቃሉን በገዛ እጁ ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ከሆነ ሌላ ሰው ይጽፍለትና እሱ ምልክት ያደርግበታል። ጽሑፉን ራሱ ወስዶ መሠዊያው ላይ ያኖረዋል። ከዚያ እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ የራሱን ልብስ አውልቆ የገዳሙን ይለብሳል። የወለቀው ልብስ ግን አይጣልም። ልብስ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ለምን ቢሉ፣ ምናልባት አንድ ቀን ሰይጣን አሳስቶት ልሂድ ያለ እንደሆነ የገዳሙን ልብስ አስረክቦ የራሱን ለብሶ እንዲወጣ ነው። ጽሑፉ ግን አይመለስለትም። ገዳሙ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ልብስ ቤት ይታየኛል። የገበሬው ልብስ፣ የወታደሩ፣ የመኳንንቱ ልጅ፣ ሁሉም ታጥፎ ተደርድሯል። ባለቤቶቹ በየቀኑ በበሩ ያልፋሉ። ልብሱ በማንኛውም ሰዓት ሊለበስ ይችላል። መሠዊያው ላይ የተቀመጠው ቃል ግን ተቀምጧል። የአባባሉን ትርጉም ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ነገር የለም።

ስለ ልብሱ ዓይነት በነዲክቶስ ብዙም አይጨነቅም። መነኮሳቱ በቀለሙ ወይም በሻካራነቱ አያጉረምርሙ ይላል። በሚኖሩበት አገር የተገኘውን፣ በርካሽ የሚገዛውን ይልበሱ። ለአንድ ሰው ሁለት ቀሚስና ሁለት ቆብ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን እንዲለብስ። አበምኔቱ ደግሞ ልብሱ እንዳያጥርባቸው ይይላቸው። የአባት ምክር እንጂ የዩኒፎርም ደንብ አይመስልም።

እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ቄስ የተለየ ልብስ አልነበረውም። በጎል፣ በዛሬው ደቡብ ፈረንሳይ፣ አንዳንድ ጳጳሳት ለየት ያለ ካባና መታጠቂያ ማድረግ ሲጀምሩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቼለስቲኖስ 1ኛ በ428 በደብዳቤ ገሠጿቸው። ከሕዝቡ መለየት ያለብን በትምህርት እንጂ በልብስ አይደለም፤ በአኗኗር እንጂ በአለባበስ አይደለም፤ በልብ ንጽሕና እንጂ በጌጥ አይደለም አሏቸው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የተለወጠው ሌላው ሰው ነው። የሮም ሰው ረጅም ቀሚስ ይለብስ ነበር። ከሰሜን የመጡት ሕዝቦች አጭር እጀ ጠባብና ሱሪ ይዘው ሲመጡ ፋሽኑ ተለወጠ። ካህናቱ ረጅሙን ይዘው ቀሩ። የሰው ሁሉ የነበረው ልብስ የቄስ ልብስ ሆነ። በቅዳሴ ሰዓት የሚለበሰው ልብሰ ተክህኖ ራሱ ከዚያው የሮማውያን ልብስ የወረደ ነው። ከላይ የሚደረበው ካባ ለምሳሌ የመንገደኛ ካባ ነበር።

በኋላ ልዩነቱ ሕግ ሆነ። በ1215 የተደረገው 4ኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ እንዳይለብሱ፣ ልብሳቸውም ከልክ በላይ እንዳያጥርና እንዳይረዝም ደነገገ። ጥቁሩ ለቄስ፣ ሐምራዊው ለጳጳስ፣ ቀዩ ለካርዲናል የሚለው ሥርዓትም ቀስ በቀስ የተደራጀ ነው። የካርዲናሉ ቀይ ለእምነቱ ደሙን ለማፍሰስ መዘጋጀቱን ያሳያል።

የመነኮሳቱ ልብስ ግን መነሻው ከድሃ ቤት ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር። ጥሩ ጨርቅ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በጳጳሱ ፊት ልብሱን ሁሉ አውልቆ ለአባቱ መለሰ። ኋላም የቆዳ ቀበቶውን ጥሎ ገመድ ታጠቀ። ዛሬ የመንፈስ ልጆቹ ፍራንቸስካውያን በሚታጠቁት ገመድ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ፤ ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት። ከእነሱ መካከል በ1528 የጸደቀው የካፑቺን ማኅበር የፍራንቸስኮስን ሹል ቆብ መልሰን እንልበስ ብሎ የተነሣ ነው። ስማቸውም «ካፑቾ» ከሚለው ከዚያ ቆብ መጣ። ቡና ቤት ገብተን የምናዘው ካፑቺኖ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቀሚሳቸው ቡናማ ቀለም ነው። በ1846 ወደ አገራችን የመጡት አባ ማስያስ ካፑቺን ነበሩ።

የፈረንሳዩ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ታሪክ ልዩ ነው። በ1633 ከሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ሆነው «የፍቅር ሥራ ልጆች» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ ሴቶች በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ አልፈለጉም። ገዳማችሁ የበሽተኛ ቤት ነው፣ የገዳማችሁ ቅጥር የከተማው መንገድ ነው፣ ዓይነ ርግባችሁ ጨዋነት ነው አሏቸው። ልብሳቸውም በፓሪስ ዙሪያ ያለች ባላገር ሴት የምትለብሰው ግራጫ ቀሚስና ነጭ ሻሽ ሆነ። ድሃው በር ላይ ሲያያቸው እንደ ባዕድ እንዳያያቸው።

ዘመን አለፈ። ባላገሯ ሻሿን ተወች፤ እነሱ አልተዉም። ነጩ በፍታ በስታርች እየደረቀ፣ እየሰፋ፣ ግራና ቀኝ እንደ ወፍ ክንፍ ተዘረጋ። ሌላውን ሰው ለመምሰል የተለበሰው ልብስ ከሩቅ የሚለይ ልብስ ሆነ። በሴፕቴምበር 1964 ማኅበሩ ያን ክንፋም ቆብ አስቀረና ቀለል ያለ መሸፈኛ አደረገ። ከዓመት በኋላ 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ገዳማዊ ልብስ ቀላልና ድህነትን የሚያሳይ፣ ለጤና የሚስማማ፣ ከጊዜው፣ ከቦታውና ከሥራው ጋር የሚሄድ እንዲሆን አዘዘ። ይህን ተከትሎ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ እህቶች ልብሱን እስከ መተው ደረሱ።

ማዘር ቴሬዛ ከዚያ ቀደም ብለው ያንኑ የቪንሰንትን መንገድ ሄደዋል። በኦገስት 1948 የነበሩበትን ማኅበር ልብስ ትተው የኮልካታ ድሃ ሴት የምትለብሰውን ርካሽ ነጭ ሳሪ ለበሱ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። ለእኛ ዓይን ጥለት ያለው ነጠላ ነው የሚመስለው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለፈ ሰው ሳሪውን ያውቀዋል። ጨርቁን የሚሸምኑት ሕንድ ውስጥ ቲታጋር በሚባል ቦታ ያሉ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ናቸው። ማንም ሊነካቸው የማይፈልገው እጆች የሠሩትን ልብስ እህቶቹ በየቀኑ ይለብሱታል።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1839 ወደ ትግራይ የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ የአውሮፓውን ልብስ ትተው የአገሩን ካህናት ልብስ ለበሱ፤ የግዕዙንም ሥርዓት ያዙ። በሚኖሩበት አገር የተገኘውን ይልበሱ ካለው ከበነዲክቶስ ቃል ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ አባባሉ ልመለስ። በኖቬምበር 1551 የትሬንት ጉባኤ ስለ ካህናት ልብስ ሲደነግግ አረፍተ ነገሩን የጀመረው በዚሁ አባባል ነው። ልብስ መነኩሴ ባያደርግም፣ ካህናት ግን ለማዕረጋቸው የሚገባውን ልብስ ሁልጊዜ መልበስ አለባቸው፤ የውጪው አለባበስ የውስጡን ጨዋነት እንዲያሳይ። እኔ ያቺን «ግን» እወዳታለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ አባባሉን ታውቀዋለች፤ ትቀበለዋለች፤ ሆኖም ልበሱ ትላለች። በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያኗ ሕግም ቀኖና 669 ላይ ገዳማውያን ልብሳቸውን የሚለብሱት የመሰጠታቸው ምልክትና የድህነታቸው ምስክር እንዲሆን ነው ይላል። ልብሱ ቃል ኪዳኑን አይተካም። ቃል ኪዳኑን ለሌላው ሰው ይነግራል።

ይህ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ከመገናኛ ተሳፍሬ ግራጫ ቀሚስና ነጭ ሻሽ ያደረጉ አንዲት ሲስተር ከፊቴ ተቀመጡ። አጠገባቸው ማተብ ያሰረች፣ የራጅ ፖስታ ጭኗ ላይ የያዘች ሴት ነበረች። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብላ «ሲስተር፣ ለልጄ ይጸልዩልኝ» አለቻቸው። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም። ሲስተሯ እጇን ያዝ አደረጉና «ስሙን ማን ልበል?» አሏት። ነገረቻቸው። ከዚያ እስከምትወርድ ድረስ ስለ ልጁ አወራቻቸው። እሳቸው ይሰሙ ነበር። ደክሟቸው እንደነበር ፊታቸው ላይ ይታያል። ያን ቀን ተራ ሹራብ ለብሰው ቢሆን ኖሮ መስኮቱን ተደግፈው ያሸልቡ ነበር፤ ያቺ እናትም ጭንቀቷን ይዛ ትወርድ ነበር። የለበሰ ሰው መደበቅ አይችልም። የቸገረው ሁሉ ያገኘዋል።

ልብሱን መልበስ የተከለከለበት ጊዜም ነበር። በ1926 የሜክሲኮ መንግሥት ካህናት በአደባባይ የካህን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከልክሎ ይቀጣ ጀመር። አባ ሚጌል ፕሮ የሚባሉ ኢየሱሳዊ ቄስ አንዳንዴ መካኒክ፣ አንዳንዴ ዘናጭ ጎረምሳ መስለው ቤት ለቤት ቅዱስ ቁርባን ያደርሱ ነበር። ግሪማልዲ መነኩሴ ሳይሆን ቀሚሱን ለበሰ፤ እሳቸው ቄስ ሆነው የሌላ ሰው ልብስ ለበሱ። ኖቬምበር 23 ቀን 1927 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች አስጠርቶ ስለነበር ምስሉ ዛሬም አለ። ተራ ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው የለበሱት። አንድ እጃቸው ላይ መስቀል፣ አንድ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ ይዘዋል። ሁለቱን እጆቻቸውን በመስቀል ቅርጽ ዘርግተው ቆመዋል።