ሊድ ታይም ምንድን ነው? ሊፍቱ ከመሠረቱ ጋር ለምን ይታዘዛል?

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ባለ 7 ፎቅ ሕንፃ ስንሠራ ነው። ቀለሙ ተቀብቷል፣ መስታወቱ ተገጥሟል፣ ሴራሚኩም አልቋል። ባለቤቱ የምረቃ ቀን ቆርጠዋል። የሊፍቱ ጉድጓድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ሰው እንዳይወድቅበት በየፎቁ ጣውላ ቸንክረንበታል። ሊፍቱስ ሲባል፣ ገና ኤልሲው፣ ማለትም ባንኩ ለውጭ ሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ፣ ባንክ ወረፋ ላይ ነው። ሕንፃው እንደዚያው ሆኖ ከ5 ወር በላይ ያለ ተከራይ ቆመ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ እዚያ ሳይት ላይ የሰነፈ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም ሲለፋ ከርሟል። ሊፍቱ የታዘዘው ግን የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) ከተሞላ በኋላ ነበር።

ትልቅ ግንባታ ላይ ዕቃ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ መርከብ ዘገየ ሲባል ሁላችንም ወደ ሾፌሩና ወደ ነጋዴው እናያለን። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ሊድ ታይሙ ስንት ነበር ብዬ ነው።

ሊድ ታይም ማለት አንድ ዕቃ ያስፈልገናል ብላችሁ ከወሰናችሁበት ቀን ጀምሮ፣ ዕቃው ሳይት ገብቶ፣ ተፈትሾ፣ ሥራ ላይ መዋል እስከሚችልበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። ሙሉውን ነው የምላችሁ። ብዙ ሰው መኪናው መንገድ ላይ የሚቆይበትን ቀን ብቻ ይቆጥርና ይሳሳታል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር ስሙን ሳይጠራው ያውቀዋል። ማዳበሪያ የሚፈለገው በዘር ወቅት ነው፤ ግዥው ግን ያን ጊዜ አይጀመርም። ከወራት በፊት ጨረታ ወጥቶ፣ ተገዝቶ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ በመኪና እስከ ወረዳው መጋዘን መምጣት አለበት። ከዚያ አንዱ ቦታ ላይ አንድ ወር ከባከነ ዝናቡ አይጠብቅም። በ2015 የዘር ወቅት ማዳበሪያ ሲጠፋ ገበሬው ምን ያህል እንደተጨነቀ ያየ ሰው ሊድ ታይምን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ወደ ሊፍቱ ልመለስ፤ ጊዜው የት የት እንደሚሄድ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። መጀመሪያ አማካሪው ዓይነቱን ማጽደቅ አለበት። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ውል ይፈረማል። ከዚያ የውጭ ምንዛሪና ኤልሲ አለ። ፋብሪካው ሥራ የሚጀምረው የጉድጓዱን ልክ የያዘው ንድፍ ተፈርሞ ሲመለስለት ነው፤ ምርቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ይወስዳል። ከቻይና ጅቡቲ ያለው ባሕር ሌላ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ነው። ከዚያ ወደብ፣ ትራንዚት፣ ጉምሩክ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ደምሩት እስቲ። ሁሉ ነገር ቀንቶ እንኳ 8 እና 9 ወር ይሄዳል፤ አብዛኛው የሚያልቀው ደግሞ ወረቀት ላይ ነው። ለዚህ ነው ሊፍት፣ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር መሠረት እየተቆፈረ መታዘዝ ያለባቸው። የጉድጓዱ ልክም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ቀድሞ የታዘዘ ሊፍት ኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ያድናል።

መዘግየቱ ገንዘብም ይበላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ከፍሎ የጨረሰና ፕሮፎርማ ይዞ የተቀመጠ ሰው እኩል አልነበሩም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሊድ ታይም ቋሚ ቁጥር አይደለም። ይዋዥቃል። ሲሚንቶን ውሰዱ። ከደርባ የተጫነ ሲሚንቶ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ቀን ይገባልናል እንበል። ከአምስት ጊዜ አንዴ ግን 9 ቀን ይፈጃል። ፋብሪካው በር ላይ ወረፋ አለ፣ ናፍጣ ይጠፋል፣ በክረምት የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይንሸራተትና ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መኪና ተሰልፎ ያድራል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ጠንካራ ነው፤ የሚያስቸግረው ወደ ድልድዩ የሚያወርደውና የሚያወጣው ተራራ ነው። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ያን ቀን ሾፌሩን ና ብሎ መጨቅጨቅ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ስለዚህ አማካዩን ወስዶ «3 ቀን ገደማ ነው» ብሎ ማቀድ አያዋጣም። ለ9ኙ ቀን መዘጋጀት ነው።

ለምን እንደሆነ በአንድ ሶሌታ ላሳያችሁ። 120 ሜትር ኪዩብ አርማታ መሙላት አለብን። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ሦስት ተኩል ኩንታል ብንይዝ 420 ኩንታል ነው። አንድ ባለ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል። ይኸው፣ አንድ መኪና ቀረ ማለት ሶሌታው ቀረ ማለት ነው። ሚክሰሩ ኪራይ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ይደርሳል ብላችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ የባሰ ነው፤ መሀል ላይ ሲቋረጥ አሮጌውና አዲሱ አርማታ በደንብ አይያያዝም።

እንግዲያው ሁሉንም አስቀድሞ ገዝቶ መከመር ነዋ? አይሆንም፣ ዕቃው ይለያያል። ሲሚንቶ ጠላቱ እርጥበት ነው። በጎጃም ክረምት ከመሬት ከፍ ካላለና ከግድግዳ ካልራቀ ታች ያለው ከረጢት ድንጋይ ይሆናል፣ በደንብ ተይዞም 3 ወር ካለፈው ጉልበቱ እየቀነሰ ነው። ፌሮ ግን ቀላል ዝገት ቢይዘውም አይጎዳም፤ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል። አሸዋ ደግሞ ከሰኔ በፊት መከመር አለበት፣ ወንዙ ከሞላ ማን ገብቶ ያወጣዋል? ሲኖውም ቢሆን ዋልካው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲሆን መርከቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙ የአውሮፓ ጭነት አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መሄድ ጀመረ፤ ይህ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል። ከቻይና ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ግን ባብ ኤል መንደብን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። ተመሳሳይ ጄኔሬተር ከሁለት አገር ቢቀርብላችሁ ልዩነቱ እዚህም ላይ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዕቃው ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሊድ ታይሙን ቀንሱ፣ ለመዋዠቁ የያዛችሁትን መጠባበቂያም ቀንሱ። የምታገኙት ቀን ትዕዛዝ የሚወጣበት የመጨረሻው ቀን ነው። ያ ቀን ካለፈ፣ ሳይቱ ላይ ምንም ባይታይም ፕሮጀክቱ ዘግይቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ከዚያ ሕንፃ በኋላ በሄድኩበት ሳይት ከንብረት ክፍሏ ልጅ ጋር አንድ ደብተር ጀመርን። በእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ የታዘዘበት ቀን፣ ይደርሳል የተባለበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ገልጠን አየነው። ሁሌ «ነገ ይደርሳል» የሚለን ጠጠር አቅራቢ በአማካይ 4 ቀን ይዘገያል። የምንፈራው የፌሮ ነጋዴ ግን አንድም ቀን አላሳለፈም። ጠጠሩን ለሁለት አቅራቢ ከፈልነው፤ ሊፍቱም የመሠረቱ ቁፋሮ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ታዘዘ።