የሜክሲኮ ትልትል ሥጋ በጅማ ማድ ቤት

ካርኔ ደሴብራዳ ሜክሲኮ ውስጥ በቀስታ እሳት ተቀቅሎ በሹካ የሚተለተል የበሬ ሥጋ ነው። የሚገባበት በርበሬ የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ከብቱ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔኖች ጋር ተሻግሮ የገባ ነው። አንዴ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ለቀናት ስለሚበላ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ቤተሰብ እጅግ ይመቻል።

ጅማ ላይ ሲሠራ ሰዓቱ ይረዝማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋ ቤት የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱ ዕርድ ነው። ለጥሬ ሥጋ የሚፈለገው ይህ ትኩስነት ለቅቅል አያግዝም፤ ጡንቻው ከዕርድ በኋላ ተገትሮ ስለሚቆይ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ቢያድር ይሻላል። ስለዚህ አራት ሰዓት መያዝ ነው፤ ሲያርስ የኖረ በሬ ከሆነ አምስትም ይፈጃል።

የሚፈለገው ፍሪምባ ወይም ወርች ነው። ነጩ ጅማት በረጅም ሰዓት ቀልጦ ሥጋውን ያርሰዋል። ጭቅና መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጅማት ስለሌለው ደርቆ እንደ ገለባ ይሆናል።

ለ3 ኪሎ ሥጋ 45 ግራም ጨው፣ 12 ዛላ በርበሬ፣ 3 ትልልቅ ሽንኩርት፣ 6 ቲማቲም፣ 8 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጦስኝና 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል። የተዘጋጀ በርበሬ ዛላውን አይተካም፤ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ጣዕሙን ወደ ወጥ ይወስደዋል። ዛላው ፍሬውና ነጭ ሥሩ ወጥቶ በጋለ ምጣድ ላይ በየጎኑ 10 ሴኮንድ ያህል ይታመሳል። ሽታው ሲወጣና ቆዳው ትንሽ ሲያብጥ ማንሣት ነው፤ ከጠቆረ ድስቱን በሙሉ ያመርረዋል፣ ማረሚያም የለውም። ከዚያ 20 ደቂቃ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ከቀረው ቅመም ጋር ይፈጫል።

ሥጋው የጭረቱን አቅጣጫ አቋርጦ በየ8 ሴንቲሜትሩ ይቆረጣል፤ የትልትሉ ርዝመት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ከተፈጨው በርበሬ ጋር ድስት ውስጥ ይገባና ውኃው የሥጋውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሸፍን። ድስቱ ከተከደነ በኋላ በየሁለት ሴኮንዱ አንዴ ቡልቅ ማለት አለበት። እየተንተከተከ ከቆየ ጡንቻው ተኮማትሮ ጭማቂውን ይተፋል። በከሰል የሚሠራ ሰው ፍሙን አመድ ያልብሰው። ሹካ ተሰክቶ ሲዞር ሥጋው ያለ ትግል ከተከፈተ ደርሷል፤ ከተጎተተ ግን ገና ነው፣ ሌላ 30 ደቂቃ ይጨመርለት። ከመተልተሉ በፊት መረቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። 3 ኪሎው ወደ 1.8 ኪሎ ይወርዳል፤ በ120 ግራም ሲመደብ 15 ሰው ይመግባል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ትልቅ ድስት እንደ ተከደነ ካደረ መሐሉ ለብ ብሎ ይቆያል፤ ከፍላት የተረፉ የባክቴሪያ ዘሮችም እዚያ ይራባሉ። ሥጋው ከነመረቁ ከ5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እዚያ እስከ አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ሦስት ወር ይቆያል። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ይይዛል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ቅዳሜ ከሠራ የእሑዱን፣ የሰኞውንና የማክሰኞውን ፍሪጅ ያስቀምጥ፤ የሐሙሱ ግን ቅዳሜ ማታውኑ ፍሪዘር መግባት አለበት። በረመዳንም ለሱሁር ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ሲሞቅ እስኪፈላ ድረስ ነው።

ሥጋው የሚጠቀለልበት የሜክሲኮ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ የሚጋገረው በኖራ ውኃ ከተቀቀለ በቆሎ ነው። የወፍጮ ቤት የበቆሎ ዱቄት ሲዳመጥ ስለሚፈረካከስ በቻፓቲ መጠቅለል ይሻላል፤ ላዩ ላይ በሎሚና በቃሪያ የተፈጨ የጅማ አቮካዶ ይደረግበታል።